ያልተሳለችው ፀጉር

የልጅ ልጄ ኦሱማ ጣቷን እንዳትቆርጥ ስሰጋ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ። በመጨረሻ ተስፋዋን ልቆርጥባት የነበርኩት ግን እኔው ነኝ። 

ቤታችን ኤዶ ከተማ ካንዳ ሠፈር ነው፤ ሥራችንም የሥዕል እንጨት ቀረጻ። ሠዓሊው በስስ ወረቀት የሳለውን እንቀበልና ወረቀቱን በፊቱ ደፍተን በሩዝ ሙጫ የቼሪ ጣውላ ላይ እንለጥፈዋለን። ከዚያ መስመሩን እየተከተልን እንጨቱን እንቀርጻለን። ወረቀቱ ከፍቅፋቂው ጋር ተበጣጥሶ ያልቃል፣ የሚቀረው ጣውላው ብቻ ነው። የቤቱ ጌታ ልጄ ገንሺቺ ነው። ነገር ግን ዓይኑ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚህ ከሁሉም የሚከብደውን፣ ፀጉሩን፣ የምትቀርጸው ልጁ ኦሱማ ናት። ይህን ከቤታችን ውጭ የሚያውቅ ሰው የለም። ማለቴ፣ ከአንድ ሰው በቀር።

እሱ መምህር ኢሰሂዴ ነው። የቲያትር ተዋናዮችን ፊት በመሳል የታወቀ፣ የሱ ሥዕል ሱቅ ፊት በተሰቀለ ቀን መንገድ የሚዘጋለት ሠዓሊ። ሌሎቹ ሠዓሊዎች ተዋናይን አሳምረው ይስላሉ፤ እሱ እንዳለ ይስላል። አገጩ ከጠመመ ጠሞ፣ ዓይኑ ከተንሸዋረረ ተንሸዋሮ። አድናቂዎቹ ይሰድቡታል፣ እየተሳደቡም ይገዙታል። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነው። ሚስት የለው፣ የራሱ ምድጃ የለው፤ ሳካይ በሚባለው የቲያትር ሠፈር ከአንድ ሻይ ቤት ፎቅ ላይ፣ ሕግ ራሱ ከእኛ ለይቶ ካስቀመጣቸው ተዋናዮች መካከል ያድራል። እስቲ ፍረዱኝ፣ የትኛዋ አያት ናት ልጇን ወደዚያ አሳልፋ የምትሰጥ?

ታዲያ በሥራችን አንድ ልማድ አለ። ሠዓሊው ፊቱን ይስላል፤ ፀጉሩን ግን ዳር ዳሩን አመልክቶ ለቀራጩ ይተወዋል። በጥፍር ስፋት ውስጥ ከሃያ የማያንሱ መስመሮች አውጥቶ ፀጉር የሚያደርገው ቀራጩ ነው። ስለዚህ አንዱ ራስ የሁለት ሰው ነው፤ ፊቱ የኢሰሂዴ፣ ፀጉሩ የኦሱማ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ በሰው ራስ ላይ ሲገናኙ፣ እኔ ሞኟ ሥራ ነው እያልኩ ሻይ አቀርብላቸው ነበር።

በዐሥረኛው ወር መጨረሻ አካባቢ ነው፣ የሥዕል ጥቅል ይዞ መጣ። በየዓመቱ በዐሥራ አንደኛው ወር ቲያትር ቤቶቹ የዓመቱን ተዋናዮቻቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩበት የፊት ማሳያ ቀን አለ፤ ሥዕሎቹም ለዚያ ቀን የሚደርሱ ነበሩ።

“እማማ ቶሜ፣ እንደምን ዋሉ?” አለ ደፉ ላይ እየተቀመጠ።

“ምን ደህና አለ፣ ብርዱ ገባ። አንተ ደግሞ አንገትህን ገልጠህ ነው የምትዞረው። ሸፍነው!”

ኦሱማ ከመቅረጫዋ ቀና ሳትል ሳቀች። “መምህር፣ የሴንጁሮን አፍንጫ ዘንድሮም የተጠበሰ ስኳር ድንች አደረጉት?”

ሴንጁሮ የከተማው ሴት ሁሉ የሚያለቅስለት ተዋናይ ነው።

“እኔ ምን አደረግኩት? ራሱ ይዞት ነው የሚዞረው።”

“አድናቂዎቹ ድንጋይ ይወረውሩብዎታል።”

“አምና ወርውረዋል። ያዳነኝ ያንቺ ፀጉር ነው። አንዷ ሴትዮ ‘አፍንጫውስ ይቅርብኝ፣ ለፀጉሩ ስል ግን ሁለት ስጡኝ’ ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።”

ይህን ብሎ እጇን አየ። ፊቷን አይደለም፣ እጇን። ቢላ የያዘውን፣ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ ያለበትን እጅ። የሰው ፊት አንዴ አይቶ በልቡ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ያንን እጅ ግን አይቶ አልጠግብ አለ። እኔ ሳልኩ። አልሰማኝም። ደግሜ ሳልኩ።

“እማማ፣ ብርድ መትቶዎታል መሰለኝ” አለኝ።

“እኔን ተወኝና ወሬህን ንገረን።”

ፊቱ ጠቆረ። “ወሬማ አለኝ። ኦሳካ ያለ አንድ አሳታሚ የዚያን አገር ተዋናዮች እንድስልለት ጠርቶኛል። የፊት ማሳያው ቀን መጋረጃው ሲከፈት አያለሁ፣ ከዚያ በዚያው መንገድ እጀምራለሁ። አምስት ዓመት ይሆናል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።”

የኦሱማ ቢላ ቆመ። እኔም፣ አፌን አልይዝም አይደል፣ ዘው ብዬ ገባሁበት። “በዚያው ቀን የኛም ደስታ ነው! የካልሲ ሰፊዋ የኦካጂ ልጅ ቡንኪቺ፣ ቀትር ላይ የማጫ ስጦታውን ይዞ ይመጣል። እርጋታው! ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ ነው። ቲያትር የሚባል ነገር በስሙም አያውቀው።”

“እንኳን ደስ ያለሽ” አላት ኢሰሂዴ።

“እርስዎም በሰላም ይግቡ” አለችው።

ሁለቱም ፈገግ አሉ። ብዙ ለቅሶ ቤት ሄጃለሁ፣ እንደዚያ ፈገግታ ያለ የሚያሳዝን ነገር ግን አይቼ አላውቅም። እሱ ከወጣ በኋላም ሻዩ ሳይነካ እዚያው ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ኦሱማ መታጠቢያ ቤት ሄዳ ሳለች ጥቅሉን ላስተካክል ብዬ ፈታሁት። ከሥዕሎቹ መሀል የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። እሱ ሥዕል የሚስልበት ያው ስስ ወረቀት ነው። ላዩ ላይ “ፀጉሩን ለምታወጣው እጅ” ይላል።

በልጅነቴ ቤተ መቅደስ ትምህርት ቤት ሁለት ክረምት ተምሬያለሁ፤ ቀላል ቀላሉን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። ምነው ባላነበብኩ! እንዲህ ይል ነበር፦

“ሦስት ዓመት ሙሉ ፊት ስሰጥሽ ሰው አድርገሽ መለስሽልኝ። እጄ የታላላቅ ተዋናዮችን ጉድ ለማውጣት አይፈራም፤ አንደበቴ ግን አንቺ ፊት ሲቀርብ ይተሳሰራል። ኦሳካ የምሄደው ስለጠሩኝ አይደለም። እዚህ ሆኜ አንድ ቀን የሌላ ሰው ስትሆኚ ማየት ስለማልችል ነው። ልብሽ ከኔ ጋር ከሆነ፣ በሴንጁሮ ጆሮ ግንድ ላይ፣ ካመለከትኩት ዳር ውጭ፣ እኔ ያልሳልኳትን አንዲት ፀጉር ልቀቂልኝ። የሙከራው ህትመት ሲደርሰኝ እሷን ካየሁ እቀራለሁ። ካጣኋት ገብቶኛል፤ በፊት ማሳያው ቀን ቃል ሳልጨምር እሄዳለሁ።”

የታየኝ ሳካይ ሠፈር ነው። የታየኝ ልጄ ሻይ ቤት ፎቅ ላይ ሆና፣ ከታች ከበሮ እየተደለቀ፣ በየሁለት ዓመቱ እሳት በሚበላው ሠፈር ልጅ ስታሳድግ ነው። ወዲያው የእንጨት ጫማዋ በጓሮው መንገድ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ደንግጬ ወረቀቱን ዘርግቼ ከሥዕሎቹ መሀል ከተትኩት፤ ለአንድ አፍታ ብቻ ብዬ፣ በኋላ ላወጣው። እሷ ደግሞ ፀጉሯን ሳታደርቅ ገባች! በዚያ ብርድ! ፎጣ ይዤ ተከተልኳት፣ ራሷን አሸሁ፣ እግሯን አሸሁ፣ የዝንጅብል ውሃ አፈላሁላት። ስመለስ ገንሺቺ ሥራውን አከፋፍሎ ጨርሷል።

ከተዋናዩ ራስ በላይ የሚታተም ግጥም ካለ በራሱ ትንሽ ጣውላ ላይ ይቀረጻል፤ ያንን የሚሠራልን ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ሽማግሌው ሞሄይ ነው። አርባ ዓመት ፊደል ሲቀርጽ ኖሯል እንጂ አንድም ፊደል አልቆጠረም። እንደ ጉንዳን እንደ ሐረግ አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ ጆሮውም አይሰማም። እየሮጥኩ ሄድኩ። ደብዳቤው በፊቱ ተደፍቶ ተለጥፏል፣ ሞሄይ ግማሹን ቀርጾታል።

“ሞሄይ! ተው! ሞሄይ!”

“አዎ፣ በጣም ይበርዳል” አለኝና ቀጠለ።

ለገንሺቺ መናገር እችል ነበር። እሱማ በደከመ ዓይኑ ግጥም ነው ብሎ የሰጠው ነው። ብናገር ግን “አንቺ ምን ነካሽና አነበብሽው? ለምንስ ደበቅሽው?” ሊለኝ ነው። ዝም አልኩ። ወረቀቱ ከፍቅፋቂው ጋር ይጠፋል፣ ነገሩም አብሮ ይጠፋል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት በዚህ ሥራ ውስጥ ኖሬ፣ ረሳሁት! ጣውላው እንዳለቀ በጥቁር ቀለም ብቻ የሙከራ ህትመት ይወጣና በቀጥታ ወደ ሠዓሊው ይሄዳል። እሱም በየቦታው የሚገባውን ቀለም በጽሑፍ ያመለክታል፤ እዚህ ቀይ፣ እዚህ ሰማያዊ፣ ይህ ይጨመር፣ ይህ ይቅር እያለ። ከዚያ ወደ እኛ ይመለሳል።

በፊት ማሳያው ቀን ዋዜማ፣ ከቀትር በፊት፣ ሙከራው ከኢሰሂዴ ተመለሰ። ኦሱማ በጉልበቷ ተንበርክካ ዘረጋችው። “ቀይ… ቢጫ… እዚህ ሐምራዊ” እያለች በጣቷ ወረደች፤ ከዚያም ወደ ላይ፣ ከሴንጁሮ ራስ በላይ ወዳለው ጽሑፍ ወጣች። እዚያ ጣቷ ቆመ።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንድ ጊዜ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ጆሮዋ ቀላ፣ አንገቷ ቀላ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አይቼው የማላውቅ ብርሃን ከፊቷ ወጣ። ወዲያው ደግሞ ብርሃኑ ጠፋ። ከጽሑፉ ጎን ኢሰሂዴ በቀይ ቀለም ከሁሉም ባጠረ ጽሕፈት አንዲት ቃል ጽፎ ነበር።

“ይቅር።”

“አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?” አለች።

“ግጥሙ ነዋ” አለ ገንሺቺ። “ምነው፣ አልወደደውም እንዴ?”

“ግጥም አይደለም።” ድምፅዋ እንደ ስስ ወረቀት ነበር። “ደብዳቤ ነው። ለኔ ነው። እኔ ፀጉሩን ባመለከተው ዳር ብቻ ቀርጬ ልኬለታለሁ፤ ደብዳቤውን ደግሞ አስቀርጸን መሳቂያ አድርገን መልሰንለታል። እንደዚያ ነው የመሰለው። እንደዚያ ነው የሚመስለው! ማነው እዚህ የከተተው?”

እኔ እጄ ላይ የነበረውን የሩዝ ሙጫ ሳህን ለቀቅኩት።

“እማማ?” አለችኝ።

“ለአንድ አፍታ ብዬ ነበር። ፀጉርሽ እርጥብ ነበር፣ ብርድ እንዳይመታሽ…”

“አንብበሽው ነበር?”

“ፈራሁልሽ፣ ልጄ።”

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። “እሳት ፈራሽልኝ፣ እሺ። ብርድ ፈራሽልኝ፣ ቢላ ፈራሽልኝ፣ እሺ። ደግሞ መወደዴንም ፈራሽልኝ? ሦስት ዓመት፣ እማማ! ሦስት ዓመት በሰው ራስ ላይ ቆሜ ስጠብቀው!” አለችና ያ ደፋር እጇ ፊቷን ሸፈነው። እንባዋ በጣቶቿ መሀል ወጥቶ የሴንጁሮን ስኳር ድንች አፍንጫ አረጠበው።

ገንሺቺ አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጁን አየ። ዓይኑ ቢደክምም ያን ጊዜ ያየው ነገር ገባው። ከፊቷ ቁጭ አለና “ወደድሽው እንዴ፣ ያን ባለጌ ሠዓሊ?” አላት።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

“ታዲያ ምን ታለቅሻለሽ? ፀጉሯን አውጪለት።”

“አባዬ፣ እንጨቱ ተነሥቷል እኮ! ጆሮ ግንዱ ጋ ባዶ ነው። የተነሣ እንጨት ከየት ይመጣል?”

“ይሰካል። የሩዝ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ ቆፍረሽ ሌላ እንጨት ትሰኪያለሽ፣ ከሱ ላይ ፀጉሯን ታወጫለሽ።” ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። “ግን ቼሪ ለዚያ አይበቃም፣ ይፈረፈራል። ያ ጠንካራው ቢጫ እንጨት ነው የሚያስፈልገው፤ የኛ ደግሞ አልቋል። እንጨት ሻጩም ሱቁን ዘግቶ ለቲያትር ወረፋ ሊይዝ ሄዷል። ደግሞም ስትሰኪ ጣውላው ከተሰነጠቀ የሴንጁሮ ፊት እንዳለ ሄደ። አሳታሚው ዳግም ሥራ አይሰጠንም።”

“አውቃለሁ” አለች ኦሱማ።

እጄ ራሱ ወደ ራሴ ሄደ። ሚዶዬ እዚያ ነበር። ሟቹ ባለቤቴ በተጋባን ዓመት ከዚያው ከቢጫው እንጨት ሠርቶ የሰጠኝ፣ ሃምሳ ዓመት ከፀጉሬ ያልወጣ ሚዶ። አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አደረግኩና ሰበርኩት።

“እናቴ!” አለ ገንሺቺ።

“ጥርሱን አይደለም፣ ጀርባውን ውሰጂ” አልኳት። “ጀርባው ወፍራም ነው።”

ኦሱማ ስብርባሪውን ተቀብላ አየችኝ። ይቅር አላለችኝም ገና፤ ግን አየችኝ።

ጆሮ ግንዱ ጋ ቆፈረች። ከሚዶዬ ጀርባ ጥፍር የማታህል ቁራጭ አወጣች፣ በመዶሻ እጀታ ቀስ፣ ቀስ አድርጋ መታችው። ጣውላው ሲጥ አለ።

“ጣትሽን!” አልኩ።

“እናቴ፣ አፍሽን ዝጊ፤ ትንፋሽሽ ፍቅፋቂውን ያስነሣዋል” አለ ገንሺቺ።

አልተሰነጠቀም። ቢላዋን ሳለች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሳበችው። ከሚዶዬ የተረፈው አንዲት ፀጉር ሆነ፤ ከተበጠረው መሀል ሾልካ በጆሮው ጫፍ የወደቀች፣ ነፋስ የነካት የምትመስል። ገንሺቺ ቀለም ቀብቶ ወረቀት አለበሰውና በመፈተጊያው አሸው። ሲገልጠው ያ ኩሩ ሴንጁሮ አሁን ከፍቅረኛው ቤት የወጣ ሰው መስሏል።

“ማን ያደርስለታል?” አለች ኦሱማ። “ነገ በማለዳ ሊሄድ ነው፤ እኔ ደግሞ…” ቡንኪቺ ቀትር ላይ ስጦታ ይዞ ይመጣል፣ አላለችም። ማለት አያስፈልጋትም ነበር።

“እኔ” አልኩ።

“አንቺ? ሳካይ ሠፈር?”

“እግር የለኝም?”

በማግስቱ ፀሐይ ገና ጣሪያዎቹን ስትነካ ሳካይ ደረስኩ። ቲያትር በማለዳ ነው የሚጀምረው፤ ሕዝቡ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው የሚመጣው። የስጦታ በርሜል በበርሜል ላይ ተቆልሏል፣ ፋኖሱ፣ ከበሮው፣ ግፊያው! ሥዕሉን በደረቴ አቅፌ “አትርገጡኝ፣ ልጆቼ፣ አሮጊት ነኝ” እያልኩ ስጋፋ፣ ከላዬ አንድ ድምፅ “ሴንጁሮ! የጃፓን አንደኛ!” ብሎ ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ። ቀና ብል በርሜል ላይ ቆሞ ፎጣ የሚያውለበልብ ጎልማሳ ነው። ፎጣው ላይ የሴንጁሮ ምልክት አለ። ፊቱን አየሁት።

ቡንኪቺ!

“አንተ!” አልኩት።

ከበርሜሉ ሊወድቅ ነበር። “እ… እማማ ቶሜ! እርስዎ ቲያትር ይወዳሉ እንዴ?”

“እኔማ! አንተ ነህ ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ የምትለው? ቀትር ላይ እኛ ቤት አይደለህም እንዴ?”

“ቀትር ላይ እኮ ሦስተኛው ትዕይንት ነው!” አለ ሳያስበው፤ ከዚያም ወርዶ እጄን ያዘ። “እማማ፣ ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ። ኦሱማ መልካም ልጅ ናት፣ ክፉ አልናገርም። ግን እኔን ስታየኝ እግሬን ነው የምታየው፣ ካልሲዬን። እኔም እሷን ሳይ መጋረጃው የተዘጋ ይመስለኛል። ቤተሰቦቻችን ቃል ተሰጣጥተዋል፣ እንዴት ልበል? እርስዎ ለእናቴ…”

“ለእናትህ አንተው ትነግራታለህ” አልኩት። ኦካጂን ማን ይደፍራታል! “አሁን ግን ጉልበት ካለህ ወደ መምህር ኢሰሂዴ ሻይ ቤት መንገድ ክፈትልኝ።”

“የሴንጁሮን አፍንጫ የሚያበላሸው ሰውዬ?”

“ክፈትልኝ ብያለሁ!”

ከፈተ። እውነት ለመናገር፣ ያንን ያህል ጎበዝ መሆኑን ካልሲ ሲሰፋ አላሳየኝም ነበር።

ኢሰሂዴ ደፉ ላይ ተቀምጦ የገለባ ጫማውን ክር እያሠረ ነበር። ጥቅሉ ከጎኑ ነው። አንገቱን አሁንም አልሸፈነም። ሲያየኝ ተነሥቶ ለጥ ብሎ እጅ ነሣ፤ ፊቱ ግን እንደተዘጋ በር ነው።

“እማማ ቶሜ፣ በዚህ ግፊያ እዚህ ድረስ? ምነው፣ ሰላም አይደለም?”

“ያዝ” ብዬ ሥዕሉን ሰጠሁት።

አላየውም፤ አጣጥፎ ሊይዘው ነው። “አመሰግናለሁ፣ ግን አይቼዋለሁ። በደንብ አይቼዋለሁ።”

“አላየኸውም። ሰው አይተህ ትስላለህ ይሉሃል እንጂ ዓይን የለህም። ተመልከት!”

ዘረጋው። ዓይኑ በልማዱ ከአፍንጫው ጀመረ፣ ወደ አፍ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ጎን… ቆመ። እስከዚያች ቀን ኢሰሂዴ የሰው ፊት ሲያነብ እንጂ የሱ ፊት ሲነበብ አይቼ አላውቅም። ሁሉም እዚያ ነበር። ዓመቶቹ፣ የቀዘቀዘው ሻይ፣ ያሳለፋቸው ሌሊቶች፣ ሁሉም።

“ይቺ…” አለ። “ይቺን እኔ አልሳልኳትም።”

“አልሳልካትም። ሚዶዬ ናት። ኦሱማ ትናንት ነው ደብዳቤህን ያየችው፣ ሙከራውን ከመለስከው በኋላ። የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ ያስቀረጸውም የኔ ጦስ ነው። እሷ ባየችው ሰዓት አለቀሰች፣ ባለቀሰች ሰዓት ፀጉሯን አወጣች። ይቅር በለኝ።”

ከቲያትር ቤቱ የመክፈቻው እንጨት ቃ፣ ቃ፣ ቃ እያለ መጋጨት ጀመረ፤ ሕዝቡ እንደ ወንዝ ወደዚያ ፈሰሰ። እሱ ግን ተመልሶ ቁጭ አለና የጫማውን ክር መፍታት ያዘ። ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፤ ያን ሁሉ ፊት የሳሉ ጣቶች አንድ ቋጠሮ አቃታቸው። ጎንበስ ብዬ እኔው ፈታሁለት።

“‘ይቅር’ ብለህ በቀይ ቀለም ጽፈሃል አይደለም?” አልኩት ቀና ሳልል። “በቃ፣ እንደጻፍከው። ቅር።”

ሳቁ ወጣ፣ ከሳቁ ጋር እንባውም ወጣ፤ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ቡንኪቺ ከኋላዬ ምን እንደሆነ ሳይገባው ያለቅስ ነበር፤ ቲያትር የሚወድ ሰው እንባው ቅርብ ነው።

ካንዳ ስንደርስ ኦሱማ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ልብስ ልቀይር እንኳ አላለችም፤ የሽርጧ እጥፋት ውስጥ ፍቅፋቂ ሞልቷል፣ አንዲቷም ፀጉሯ ላይ ተሰክታለች። እሱን ስታይ ሁለት እርምጃ ወደፊት መጣች፤ ከዚያ እንዳልመጣች ቆመች።

“መምህር፣ ኦሳካ እንዲህ ቅርብ ነበር እንዴ?” አለችው፤ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። “እንዴት ቶሎ ተመለሱ!”

“መንገድ ላይ አንዲት ፀጉር ጠልፋ ጣለችኝ” አላት።

ሳቀች። በሁለት እጇ አፏን ይዛ፣ ዓይኗ ሞልቶ፣ ሳቀች። እሱ እጁን ዘርግቶ ያቺን ፍቅፋቂ ከፀጉሯ አነሣ። አልጣላትም። እንደ አበባ መዳፉ ላይ አድርጎ ቆመ። ገንሺቺ ከውስጥ “ግቡ እንጂ፣ በሩን ከፍታችሁ ብርዱን ታስገባላችሁ” አለ፤ ማንም አልሰማውም።

የቡንኪቺ ስጦታ ቀትር ላይ አልመጣም። በዚያ ሳምንት ያ ሥዕል ከሱቁ አለቀ። የሴንጁሮ አድናቂዎች ምስጢሯ የሱ መስሏቸው ያቺን ፀጉር አይተው አበዱ፤ እስካሁን በየመንገዱ ከጆሮ ግንዳቸው አንዲት ፀጉር ፈትተው የሚሄዱ ቆነጃጅት ታገኛላችሁ። ከአንዲት አሮጊት ሚዶ መውጣቷን ማን ነግሯቸው!

እኔ ያን ቀን ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሚዶ የሌለው ፀጉሬ ተፈትቶ ግንባሬ ላይ ወድቋል። ኦሱማ ከኋላዬ መጥታ አንድም ቃል ሳትናገር በጣቶቿ ሰበሰበችልኝ፣ በክር አሠረችልኝ፣ አንገቴንም በራሷ ሻርፕ ሸፈነችልኝ። ከዚያ ወደ ጣውላዋ ተመለሰች፤ ኢሰሂዴም ከፊቷ ተቀመጠ። ቢላዋን አነሣች። ፍቅ፣ ፍቅ ይላል እንጨቱ።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ “ጣትሽን!” ማለት ረሳሁ።